ያልተቆጠረውን ሕመምተኛ ኮምፒውተር አያውቀውም

ልጅ በሒሳብ ጎበዝ ሲሆን ብዙዎቻችን «መሐንዲስ ይሆናል» ወይም «ባንክ ይገባል» እንላለን። «ሐኪም ይሁንልኝ» ብለን የምንመኝለት ባዮሎጂ የሚወደውን፣ ደም ሲያይ የማይደነግጠውን ነው። ቁጥር የሚወድ ልጅ መርፌ ሳይዝና ነጭ ጋዋን ሳይለብስ የታመመ ሰው ይረዳል ብሎ የሚያስብ ወላጅ ግን ብዙ አይገኝም። ይሁንና ዛሬ መድኃኒት ከሚፈልጉትና በሽታ ከሚያጠኑት ሰዎች መካከል በርካቶቹ ሕመምተኛ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው።

እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ነርስ ነኝ። ከአገልግሎት ዘመኔ ረጅሙን ያሳለፍኩት በመተማና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ኮምፒውተር አልተማርኩም። ነገር ግን የኮምፒውተር ሳይንቲስቶች ለጤና የሚሠሩትን ሳነብ፣ በዋልካ መሬት ላይ ታመው የሚመጡትን የሰሊጥ ሠራተኞች አስታውሳለሁ። ሁለቱ የሚመስለንን ያህል የተራራቁ አይደሉም። በመካከላቸው ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለ። ክፍተቱ እኛን ወላጆችንና አያቶችንም ስለሚመለከት ነው ይህን የጻፍኩት።

የሒሳቧ ተማሪ

ዶ/ር ረድኤት አበበ ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። ናዝሬት ስኩል ተምረዋል፤ ከዚያ በውጤታቸው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ገቡ። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጠኑ። እዚያ ሳሉ ለተማሪዎች ጋዜጣ ይጽፉ ነበር። የከተማዋን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሲከታተሉ፣ በሀብታም አገር ውስጥም ከድሃ ቤት የመጣ ልጅ ወደ ኋላ እንደሚቀር አዩ። ሒሳብን ለሒሳብነቱ ይወዱት የነበሩት ወጣት ከዚያ ወዲህ «ይህ ዕውቀት ለተጎዳ ሰው ምን ይሠራለታል?» ወደሚለው ጥያቄ አዘነበሉ።

በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው፣ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያጠናቅቁ በዚያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። የመመረቂያ ጥናታቸው ትኩረት ኮምፒውተር የሚሠራባቸው የስሌት መንገዶች ለኅብረተሰብ ጥቅም እንዴት ይውላሉ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲያማክረው ባቋቋመው ቡድን ውስጥ ተካተቱ። በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ መምህር ሆኑ።

እንደ ጤና ባለሙያ ይህን ልብ እላለሁ። ይህ የአሜሪካ ተቋም ለሕክምና ምርምር ገንዘብ ከሚያወጡት የዓለም ተቋማት ሁሉ ትልቁ ነው። ዶ/ር ረድኤት ሐኪም አይደሉም፤ ነርስም አይደሉም። ወንበር የተዘረጋላቸው ግን ስለ ሕመምተኛ በሚመከርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እዚያ ያደረሳቸው ሒሳብ ነው።

ሰው ብቻውን ሲሆን የሚጠይቀው

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን የሳበኝ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ያቀረቡት ጥናት ነው። በኢንተርኔት መረጃ የሚፈለግበት ቢንግ የተባለ አገልግሎት አለ። ተመራማሪዎቹ ከ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች በ18 ወራት ውስጥ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ በዚህ አገልግሎት የጻፏቸውን ጥያቄዎች ወሰዱ። ይህን ሁሉ ጥያቄ አንድ ሰው ተቀምጦ ላንብበው ቢል አይችለውም። ኮምፒውተሩ ግን አብረው የሚመጡትን ቃላት እያየ ጥያቄዎቹን በየዓይነታቸው ይከምራል፤ ልክ እናቶች እህል ሲለቅሙ ጤፉን ወደ ጤፍ፣ ጠጠሩን ወደ ጠጠር እንደሚሉት።

ከክምሩ ውስጥ የወጣው ምን ነበር? የበሽታው ምልክት፣ የመድኃኒቱ ጉዳይ፣ የባህል ፈውስ፣ እንዲሁም መገለልና መድልዎ። ጥያቄዎቹ በዕድሜና በጾታ ይለያያሉ፤ ከአገር አገርም ይለያያሉ። ስለ ባህል ፈውስ የሚጠይቅ ሰው ከኢንተርኔት የሚያገኘው መልስ ደግሞ ጥራቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ መልስ የሚያስፈልገው ሰው ደካማ መልስ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ካርድ ክፍሉና የምርመራ ክፍሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ሕመምተኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ «ራሴን ያመኛል» ይላል። እውነተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀው ምርመራው አልቆ፣ ሊወጣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ለሚስቴ ይተላለፋል?» «ሲስተር፣ ጸበል ከጀመርኩ መድኃኒቱን ላቁም?» በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን ሰው የሚደብቀው ስለሚፈራ ነው። ያ ጥናት ያደረገው በሩን እጀታ ይዘው የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ከመላው አፍሪካ ሰብስቦ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ነው።

ጥናቱ ድንበር አለው። ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ሰው ጥያቄው አይመዘገብም። የተመረጡት ሦስት በሽታዎችም በመላው ዓለም ስማቸው የታወቀ ነው። በእኔ ቆላ ሰው የሚጨርሰው አራተኛው በሽታ እዚያ ውስጥ የለም። ስሙም ካላዛር ነው።

በዋልካው ላይ የሚተኛው ልጅ

ገንዳ ውሃን፣ መተማ ዮሐንስን፣ ቋራን፣ አብርሃጅራንና አብደራፊን የሚያውቅ ሰው ያን ጥቁር ዋልካ አፈር ያውቀዋል። ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በእነዚያ ስንጥቆችና በግራር፣ በላሎ ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ድምፅ የላትም፤ የምትነክሰው በአብዛኛው በሌሊት ነው።

በየዓመቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አነጋገር ሳሉጎች፣ የሚያድሩት እርሻው ዳር፣ ብዙ ጊዜም ከዛፍ ሥር ነው። አጎበር ያለው ጥቂት ነው። ተነክሶ የተያዘ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ስለዚህ ልጁ ደመወዙን ይዞ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው። ትኩሳቱ አይለቅም፤ ሰውነት ይከሳል፤ ደም ያንሳል፤ ጣፊያ እያበጠ ሆድ ይገፋል። ካልታከመ ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው በማይለቅ ትኩሳት ታመመ። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው ወደዚያ የገባው ለቆላ ሥራ ሄደው በተመለሱ ሰዎች እንደሆነ ይታመናል። ቆላ ለሥራ መሄድና ደጋ ላይ መታመም በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ባለመጻፋቸው ሰው አለቀ።

ምርመራውም ቀላል አይደለም። በደም ጠብታ የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ በሕንድ በደንብ የሚሠራውን ያህል በእኛ ምሥራቅ አፍሪካ አይሠራም። እርግጠኛ ለመሆን ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ከጣፊያ ሲወሰድ ውስጡ እንዳይደማ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ናሙናው በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥገኛ ተሕዋሲው ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ከ2 እስከ 4 እጥፍ ብቻ ነው። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እሱን ሲፈልግ አንገቱ እስኪደነዝዝ ያጎነብሳል።

ሕክምናውንም ላስታውሳችሁ። ቀድሞ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባለው መርፌ በየቀኑ፣ ለ30 ቀን ይወጋ ነበር። የሚወጋውን ሕመምተኛ ሥቃይ ብቻ ሳይሆን የወጊዋን ነርስ ጭንቀት አውቀዋለሁ፤ ሥጋ የሌለው ዳሌ ላይ ዛሬ የት ልውጋ ብሎ ማሰብ ከባድ ነው። በኋላ ፓሮሞማይሲን ከሚባል መርፌ ጋር ተዳምሮ ወደ 17 ቀን ወረደ። ከዚያም ጎንደርና አብደራፊ በተካፈሉበት፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ በተካሄደ ጥናት፣ ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን ሲሰጥ ከ100 ሕመምተኞች ወደ 91 የሚሆኑትን እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። መርፌው ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ድር ቢያብር

አዲስ መድኃኒት ማግኘት ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ የካላዛር ሕመምተኛ ድሃ ስለሆነ ገበያ አይሆንም። ሌላው ፍለጋው ራሱ ነው። ኮምፒውተር የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ተሕዋሲው የሚኖረው በውስጡ ባሉ ፕሮቲኖች ነው። እያንዳንዱን ፕሮቲን እንደ ጋን ቁልፍ አስቡት። መድኃኒት ማለት በዚያ ጋን ቁልፍ ቀዳዳ ልክ ገብቶ የሚያደናቅፈው ቁልፍ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ቁልፎች፣ ማለትም የኬሚካል ውሁዶች፣ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሁሉንም በቤተ ሙከራ እየሞከሩ ማየት ዕድሜም ገንዘብም ይበላል። ኮምፒውተር ግን የጋን ቁልፉን ቅርጽ ካወቀ ቁልፎቹን በስሌት እያስገባ፣ የማይሆኑትን ይጥላል፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ለቤተ ሙከራ ያስቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛርን ከሚያመጣው ቤተሰብ የአንዱ ተሕዋሲ ሙሉ የዘር መዝገብ ታተመ፤ ከ8,000 በላይ ጂኖች ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በኮሎምቢያ ሜዴሊን ከተማ የሚገኘው የአንቲዮኪያ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ አጋሮቹ ጋር ለዚሁ የበሽታ ቤተሰብ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረ። ሱፐር ኮምፒውተር የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የተጠቀሙት ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ የተባለውን መረብ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የቤታቸው ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ ለምርምሩ ያውሱታል። አንዱ ኮምፒውተር ጥቂት ቁልፍ ይሞክራል፤ ሌላው ሌላ። ሁሉም ሲደመር እንደ አንድ ግዙፍ ማሽን ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ከዚያ ፍለጋ ጥቂት ተስፋ ሰጪዎች ተለይተው ቤተ ሙከራ ገብተዋል።

ግዙፉ ማሽን ራሱም ምን እንደሚችል በኮሮና ጊዜ አየን። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ሰሚት የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር ከ8,000 ውሁዶች መካከል 77ቱን ለተጨማሪ ጥናት በጥቂት ቀናት ለየ፤ በተራ ኮምፒውተር ወራት የሚፈጅ ሥራ ነበር። 77ቱ መድኃኒት ሆኑ ማለት አይደለም። ማሽኑ የሚያሳጥረው የፍለጋውን መንገድ ነው፤ ከእንስሳ እስከ ሰው ያለውን ሙከራ አይተካም።

የጋን ቁልፉን ቅርጽ ማወቅም ቀድሞ ለአንድ ፕሮቲን ወራትና ዓመታት ይፈጅ ነበር። አልፋፎልድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ይህን ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን የተገመተ ቅርጽ ለማንም ተመራማሪ በነፃ ከፈተ። ሠሪዎቹ ዴሚስ ሐሳቢስና ጆን ጃምፐር እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ቤከር ጋር ተካፈሉ። ሐሳቢስ መጀመሪያ ያጠኑት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ለተረሱ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲኤንዲአይ የተባለው ድርጅትም ይህን መሣሪያ የካላዛር ቤተሰብ በሆኑ በሽታዎች ላይ ለመጠቀም ከሠሪዎቹ ጋር መሥራት ጀምሯል።

ሁሉም ተስፋ ከኮምፒውተር አልመጣም። ኤልኤክስኢ408 የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት መነሻው ኖቫርቲስ የተባለው ኩባንያ 3 ሚሊዮን ውሁዶችን በቤተ ሙከራ ፈትሾ ያገኘው ግኝት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ዛሬ በሕንድና በእኛው ኢትዮጵያ በሕመምተኞች ላይ ጥናት ወደሚደረግበት ደረጃ ደርሷል። ያለ መርፌ የሚድን የካላዛር ሕመምተኛ ለማየት ዕድሜ ቢሰጠኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ስላይድ የሚያነበው ማሽን

ወደ አገራችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2024 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዲፕሊሽ የተባለ ሥራ አሳትመዋል። የዚህን በሽታ ተሕዋሲ በማይክሮስኮፕ ከተነሱ ፎቶግራፎች ላይ ኮምፒውተር ራሱ ፈልጎ እንዲያሳይ የሚያደርግ ነው። ከዚያ በፊትም የጅማ ተመራማሪዎች ለወባ ተመሳሳይ ሥራ አሳትመው ነበር።

አሠራሩ ተለማማጅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከምናስተምርበት መንገድ ብዙም አይለይም። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ፎቶግራፎቹን እያዩ «ይኼ ተሕዋሲ ነው፣ ይኼ የቀለም ጠብታ ነው» እያሉ ምልክት ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ በርካታ ምሳሌ ካየ በኋላ አዲስ ፎቶግራፍ ሲሰጠው ይገምታል። ልዩነቱ ማሽኑ አይደክመውም፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የመጣውን ስላይድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደመጣው አድርጎ ያያል። ጥሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ይህ ትልቅ ረዳት ሊሆን ይችላል። ናሙናውን የሚወስድ እጅ፣ ቀለሙን የሚነክር እጅና መብራት ግን ማሽኑ አያመጣም።

ማሽኑ ያላየው ሰው

አሁን ወዳልኩት ክፍተት ደረስኩ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምስክር አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ሌላዋ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዶ/ር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ነው። የሰውን ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚለዩ ሦስት የገበያ ሥርዓቶችን ፈተሹ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ ከ100 አንድ አይሞላም ነበር፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽኖቹ እኛን አልጠሉም፤ በቂ ምሳሌያችንን አላሳዩአቸውም ነበር። ዶ/ር ትምኒትና ዶ/ር ረድኤት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በሙያው ውስጥ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስብ ብላክ ኢን ኤአይ የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር። ማሽኑን የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ ለውጥ ያመጣልና።

ፊት ላይ ሲሆን የሚደርሰው ቅሬታ ነው። ጣፊያ ላይ ሲሆን ሞት ነው። የሕንድ ሕመምተኞችን ብቻ እያየ የተማረ ማሽን ለመተማ ሕመምተኛ ምን ያህል ይታመናል? ፈጣን መመርመሪያው ከሕንድ ይልቅ በእኛ ዘንድ እንደሚደክም አይተናል። በቆላችን ደግሞ ኤችአይቪና ካላዛር አብረው የሚገኙበት ሰው ከሌሎች አገሮች ይበዛል፤ የእሱ ሕመም፣ የእሱ ስላይድ፣ የእሱ ማገገምም ይለያል። ይህን ማሽኑ የሚያውቀው በእኛ ካርድና መዝገብ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሞላ ደግሞ ማንም ነርስ ትነግራችኋለች። ሳሉጉ ይመጣል፤ «አድራሻ?» ሲባል «እርሻው ላይ ነኝ» ይላል። ስሙን አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በቅጽል ስሙ ያስመዘግባል። ትንሽ ሲሻለው አጨዳው እንዳያልፈው ይጠፋል። ዳነ? ሞተ? አገረሸበት? አይታወቅም። መንገድ ሲዘጋና ጸጥታ ሲደፈርስም፣ ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነስቶ ሕዝብ በመተማ በኩል ሲጎርፍም፣ መጀመሪያ የሚሳሳው መዝገብ ነው። በዓለም ላይ ያለ ሱፐር ኮምፒውተር ሁሉ ቢሰበሰብ ያልተጻፈን ሕመምተኛ አይቆጥረውም።

ስለዚህ በገንዳ ውሃ ወይም በአብደራፊ ካርድ የምትጽፍ ወጣት ነርስና ባሕር ማዶ የተቀመጡ የኮምፒውተር ሳይንቲስት አንድ ሥራ ላይ ናቸው እላለሁ። አንዷ ዘሩን ትዘራለች፤ ሌላዋ ታጭዳለች። ዘሩ ካልተዘራ አጫጁ ምን ይሠራል?

ለወላጅና ለአያት

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ለማጥናት ሲመርጥ እናቱ «ጤና ብትገባ አያትህን ትተካ ነበር» ብላው ነበር። እኔ ግን «ተዪው፣ ጤናም ሊገባ ይችላል» አልኳት። ቁጥር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ሁለቱን ነገር አታጣሉበት። ባዮሎጂውን አታስጥሉት፤ ሐኪምም ሁን ብላችሁ አታስጨንቁት። የታመመ ሰው የሚተኛበትን ቦታ ግን አሳዩት። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው ደንቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ካሳየ በኋላ ነው። የዛሬዎቹም ልጆች በሽታው ያለበትን መንደር ካላወቁ ለማን እንደሚያሰሉ አያውቁም።

ልጆቻችሁ ስለ ሕመም ስልክ እንደሚጠይቁ እወቁ። አትቆጡ፤ «ምን ብሎ መለሰልህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ የጠየቀው ነገር የፈራው ነገር ነው። ስልኩ ጥሩ ሊመልስም ይችላል፤ ነገር ግን ሆድ ዳስሶ ጣፊያ ማበጡን አያውቅም። የስልክ መልስ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ምክንያት ይሁን እንጂ ላለመሄድ ምክንያት አይሁን።

ልጁ ለሰሊጥ ወይም ለጥጥ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርድባችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ስንቅ ስትቋጥሩ አጎበር ጨምሩለት። ከዛፍ ሥርና ከተሰነጠቀ መሬት ራቅ ብሎ እንዲተኛ ንገሩት። ከተመለሰ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም፣ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየበት፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ሆዱ ከከበደው፣ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ በመዋጥ ጊዜ አታጥፉ። በመተማ ሆስፒታል፣ በአብደራፊ ጤና ጣቢያና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህ በሽታ ይመረመራል፤ ይታከማል።

እዚያ ስትደርሱም፣ ባትጠየቁ እንኳ፣ ለጤና ባለሙያው ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ልጁ የት ቆላ እንደነበረና ስንት ወር እንደሆነው። ሙሉ ስሙንና የምትገኙበትን ቀበሌ በትክክል አስጽፉ፤ ሕክምናውን ሲጨርስም ለቁጥጥር በቀጠሮው ቀን መልሱት። ይህ ለእሱ ሕይወት ነው። ከእሱ በኋላ ለሚወርዱት ልጆች ደግሞ አንድ ቀን ማሽኑ የሚማርበት መስመር ነው።